ለእህቴ የማወራላት ልጅ

ኅዳር 2፣ እሑድ

ድንቡሼ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ሲሮጥ ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለና መሬት መሬት እያየ፣ «እማ፣ ጥላዬ ደክሞት ተኛ» አለኝ። በሳቅ ብዛት የታጠበውን ልብስ ከነሳፋው ጭቃ ላይ ለቀቅኩት። እንደገና አጥቤ እንደገና አሰጣሁ፤ አሁንም እየጻፍኩ ብቻዬን እስቃለሁ። አራት ዓመቱን ከደፈነ ገና ወሩ ነው፤ ይህን ከየት አመጣው? ልጆች ዛሬ ያሉትን ነገ አይደግሙትም። ስለዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ይዤ ስቀመጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄ ሳይቀር ሰንፏል።

አለቃም አለች። የድንቡሼ እህት ናት፤ ሰባት ዓመቷ፣ ሁለተኛ ክፍል። አለቃ ያልናት ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ስለሆነች ነው፤ እኔና ባለቤቴ ተቀጣሪዎቿ ነን። ዛሬ ድስቶቹን ሁሉ ደርድራ ስታስተምር ዋለች። ክዳን የሌለውን ድስት «አንተ፣ ኮፍያህን የት ጣልክ?» ብላ ከክፍል አስወጣችው።

ልጆቹ የእህቴ ናቸው። ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ። ታናሽ እህቴ የመጋዘን ጠባቂ ነበረች፤ ዕቃ ጎደለ ተብላ ታሠረች። ድንቡሼ ያኔ ዳዴ ይል ነበር። አባታቸው ከዚያ በፊት ወጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። እናም እኔ ጋ መጡ።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ጠየቅኋት። በአመክሮ ልትፈታ ነው! ወር፣ ቢበዛ ሁለት ወር ብለዋታል። በሽቦው ቀዳዳ ጣቷን አሾልካ ጣቴን ያዘችኝ። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል።

«ድንቡሼስ?» አለችኝ እንደ ሁልጊዜው።

«ገና ነው» አልኳት። «ግን ሁለት ቃል ማገጣጠም ጀምሯል። ‹ውሃ ስጪ› ይላል።»

«እሰይ!» አለች።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ምሳ ሰዓት፣ ሥራ ቦታ። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ስለሆንኩ እንፋሎቱ ወረቀቱን አርሶት ቀለሙ ይሰፋብኛል።

ሳጥብ ሳስብ አረፈድኩ። ወር ማለት ጥቂት እሑዶች ናቸው። በነዚያ እሑዶች ድንቡሼን ማሳደግ አለብኝ።

እንዴት እንደጀመረ ልጻፈው፤ ሰው ሌላ እንዳይመስለው። (ማን ሊያነበው ነው? ቢሆንም።) እሷ በገባች በሳምንቱ ድንቡሼ ተራመደ። ሳፋውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ለቀቀውና እስከ በሩ ድረስ እንደ ሰካራም እየተወላገደ ሄደ። እልል ብዬ ጎረቤት አስወጣሁ። እሑድ ልነግራት በርሬ ብሄድ ከሽቦው ወዲያ ዓይኗ አብጦ፣ «እትዬ፣ ሳላየው እንዳይራመድብኝ» አለችኝ። ምን ልበል? «ገና ነው፤ አንቺን እየጠበቀ ነው» አልኳት። ይግባኙ ቶሎ ያልቃል ተብሎ ነበርና ስትወጣ ታየዋለች ብዬ ነው፤ መራመዱን አስቀመጥኩላት። ይግባኙ ወደቀ። ከዚያ የመጀመሪያ ቃሉን አስቀመጥኩላት። ከዚያ ማንኪያ መያዙን። ሲከፋት፣ ብርድ ሲበረታባት፣ ካስቀመጥኩት አንድ እያወጣሁ እሰጣታለሁ። ባዶ እጄን ሄጄ አላውቅም። ሌላው ጠያቂ ሳሙና ይዞ ይሄዳል፤ እኔ ሳሙናም፣ ይህንንም።

ልጆቹን አታምጪብኝ ያለችው እሷ ናት። እዚህ ውስጥ ሆኜ እንዲያዩኝ አልፈልግም ብላ። በኋላ አምጪያቸው ስትል ደግሞ ድንቡሼን መኪና ያስመልሰዋል አልኳት። አንድ ጊዜ በእርግጥ አስመልሶታል። ፎቶም ስትለምነኝ ያገኘሁትን ወሰድኩላት። የቆየ ነበር።

ደወሉ ተደወለ። የቀዶ ሕክምና ክፍል አንሶላ መጥቷል።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ቶሎ ልጻፈው፣ ፈረቃ ረፍዶብኛል። ጫማውን አቀያይሮ አጥልቆ፣ ጫፋቸው ወዲያና ወዲህ ዞሮ፣ «እማ፣ ጫማዎቼ ተኳርፈዋል» አለ። አስታረቅኳቸው!

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲተነፍስ ከመንገድ ማዶ ይሰማዋል፣ ሚስቱ ስትተነፍስ ግን አይሰማም። ዛሬ ሰማኝ።

«ነገ ምን ልትያት ነው?» አለኝ የእጁን ጥቁር በጨርቅ እየጠረገ።

«ትንሽ ትንሽ እያሳደግኩት እሄዳለሁ።»

«ማንን?»

«ድንቡሼን ነዋ!»

ድንቡሼ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎ አንገቱን አንቆታል። «ይኸው አድጓል፤ ሊገድለኝ ነው» አለና ሳቀ። ቀጥሎ ግን ፊቱን ሰብስቦ፣ «ስሚ፣ ቀዳዳ የሚለጠፈው ትንሽ ሳለ ነው። ዝም ብለሽ ከነዳሽበት ጎማውም ቸርኬውም አይተርፍሽም።»

«ለአንተ ሰው ሁሉ ጎማ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

እሱ ስለ ሁሉ ነገር ትክክል መሆኑ አንዳንዴ ያናድደኛል። ይህን የምጽፈው እሱ ደብተር እንደማያነብ ስለማውቅ ነው።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፣ ብዙውን። ይሮጣል፣ ይዘፍናል፣ ቀለም ይለያል፣ ጥላዬ ደክሞት ተኛ አለ፣ ጫማዎቼ ተኳርፈዋል አለ፤ በአንድ ትንፋሽ። ግራና ቀኝ ጠያቂው ሁሉ ይጮሃል፤ እኔ ከሁሉም በላይ ጮህኩ።

አልሳቀችም።

«እትዬ፣ በቃ» አለች።

«ምኑ ነው በቃ?»

«ባለፈው እሑድ ‹ውሃ ስጪ› ነበር የሚለው። በአንድ ሳምንት ጥላው ደከመው? ልወጣ ስለሆነ እንዳልደነግጥ ነው፣ አይደል? ልታጽናኚኝ ብለሽ አትዋሺኝ። አውቀዋለሁ እኮ።»

«ምኑን?»

«ልጄ ዘገምተኛ መሆኑን።»

አብራት የታሠረች ነርስ አለች። ለእሷ ነግራታለች፤ ሁለት ዓመት አልፎት የተራመደ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ‹እማ› ያለ ልጅ እንዴት ነው ብላ። ነርሷ እውነቱን አልደበቀቻትም። እውነቱን… እንዲህ ብዬ ልጻፈው እንጂ ምን እላለሁ። ከሰማች ዓመት አልፏታል። «እሰይ የምልሽ አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» አለችኝ። «ጡቴን ድንገት ስላስጣልኩት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ አሳደግሽልኝ፤ አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ጤነኛ ነው! እውነቴን ነው!» አልኳት።

«እሺ፣ እሺ» አለችኝ፣ ልጅ እንደሚያባብሉ።

ያለፈው ነው ውሸቱ፣ የዛሬው ነው እውነቱ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር። ደወሉ ነው ያቋረጠኝ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው። ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፍ ይዘን እናራግፋለን፣ ተራምደን መሃል ላይ እንገናኛለን፣ ጫፍ እናቀባብላለን፣ እንለያያለን። ራዲዮ የምንላት ባልደረባዬ ወሬ የምታወራው መሃል ላይ ስትደርስ ብቻ ስለሆነ አንድ ወሬ አንድ ጋሪ አንሶላ ይፈጃል። ዛሬ ከአዲሷ ልጅ ጋር ከማድረቂያው ማዶ ታጥፍ ነበር። ማሽኑ ሲቆም ድምጿ ጥርት ብሎ መጣ።

«…የወለደች እኮ ነው የምትመስለው። ልጄ እንዲህ አለ፣ ልጄ እንዲያ አለ…» ተለያዩ። አራገፉ። ተገናኙ። «…እናትየዋ ስትወጣ እናያታለን። የሰው ወርቅ አያደምቅ።»

«ታሳዝናለች» አለች አዲሷ ልጅ።

ማንኛዋ ናት የምታሳዝነው? እኔ ነኝ ወይስ እህቴ? ማሽኑ ተነሳና አልሰማሁም።

እኔና ባለቤቴ አልወለድንም። እሱን እዚህ አልጽፍም።

ድንቡሼን ‹እማ በለኝ› ብዬው አላውቅም። አትበለኝ አላልኩትም እንጂ።

የሚተኛው ጣቱን ጆሮዬ ውስጥ ከትቶ ነው። ጥፍሩ ይቧጥጠኛል። አላወጣውም።

ኅዳር 16፣ እሑድ

ባለቤቴ «አፍሽ ካልታመነ ልጁን ውሰጂው» አለኝ። ልክ ነው አልኩ። ድንቡሼን አጠብኩት፣ ያቺን ሰማያዊ ሹራቡን አለበስኩት። አለቃ ትኩሳት ስለነበራት ከባለቤቴ፣ ከጋሼዋ ጋር ቀረች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አልሰናበትም አለችን።

አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱ ላይ ተነፈሰበትና ፊት ሣለ። «ይሄ ሰውዬ ትኬት ቆርጧል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከኋላ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ሳቁ፤ እኔ ኩራቴ ከአውቶቡሱ ጣሪያ በላይ። አላስመለሰውም።

«የት ነው የምንሄደው?»

«የሩቋ እማ ጋ።» እናቱን እንደዚያ ነው የሚላት፤ ሥራ ሩቅ ሄዳለች ብዬዋለሁና።

«ሩቅ ነው?»

«አይ፣ ደርሰናል።»

«ታዲያ ለምን ሩቅ ትባላለች?»

ተራችን ሲደርስ ፈታሿ ጉንጩን ቆንጠጥ አድርጋ፣ «ሲያምር! የእርስዎ ነው?» አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ «አዎ!» አላት።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ብርድም ነበረ። ልጅ ይዞ እዚያ ብርድ ላይ መቆም አይገባም። ኳስ ገዛሁለትና ተመለስን።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ባለቤቴ ራቱን በልቶ ተነሳ። ኳሱን በጎማ መንፊያው ነፋለት።

አለቃ፦ «አክስቴ፣ ድንቡሼ እናቴን አያት?»

«አላያትም። ሰልፉ ረጅም ነበር።»

«እኔ ብሆን እቆም ነበር» አለች።

ኅዳር 23፣ እሑድ

«ባለፈው እሑድ ስሜ እስኪጠራ ጠብቄ ጠብቄ…» አለችኝ።

«ድንቡሼን አሞት ነው» አልኳት። ምላሴ ቀደመኝ።

ፊቷ አመድ መሰለ። «ጣለው? ይጥለዋል እንዴ እትዬ?»

«ኧረ ጉንፋን! ጉንፋን ነው!»

«እንደሱ ያሉትን ልጆች ይጥላቸዋል ትላለች ነርሷ። ስትደብቂኝ የነበረው ይሄንን ነው?»

አይደለም ብዬ ማልኩ። ከዚያ አሳየችኝ። ሰው ሁሉ እየተጋፋ፣ ከሽቦው ወዲያ ሆና፣ በራሷ ክንድ ላይ እግሩን እንዴት እንደምታሽለት አሳየችኝ። ቃል እንዴት ከፋፍላ፣ ከንፈሯን እያሳየች እንደምታስተምረውም። «ው… ሃ። ው… ሃ።» ከነርሷ ጋር ትለማመዳለች። «እሷ ድንቡሼ ትሆንልኛለች፤ ሃምሳ ዓመቷ ነው፣ እግሯ ደግሞ እንዴት ይከብዳል መሰለሽ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ምን እንደሚያስቅ አላውቅም፤ ሁለታችንም ዓይናችን እስኪያነባ ሳቅን።

«እትዬ፣ እንደሆነው ሆኖ እወደዋለሁ። እንዳትሰጊ» አለችኝ በመጨረሻ።

አልነገርኳትም። ልጅሽ ጤነኛ ነው ማለት እኮ የምሥራች ነው! በዓለም ላይ የምሥራች መንገር ያቃተው ሰው አለ?

ታኅሣሥ 3፣ ረቡዕ

ዛሬ ልጆቹን አጠብኳቸው። ድንቡሼ ሳፋው ውስጥ አልበቃ አለ። ጉልበቱ ውጭ፣ ክርኑ ውጭ። ባለፈው ክረምት ይዋኝበት ነበር እኮ! ጀርባውን ሳሸው አጥንቱ እጄ ላይ ተቆጠረ። ድንቡሼ መባልም አይገባው፤ ያ ሁሉ ድንቡሽነት የት ሄደ? መቼ ሄደ? እዚሁ ነበርኩ፤ አንድ ቀን ሳልቀር። ሆኖም ሲሄድ አላየሁትም።

«እማ፣ አረፋው ሲጠፋ የት ይሄዳል?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «እኔም» አለ፣ እንደ ትልቅ ሰው።

የአለቃ የፊት ጥርስ ወለቀ። በእጇ መዳፍ ይዛው ቤቱን ዞረች። «ለእናቴ ትነግሪያታለሽ?» አለችኝ።

«እነግራታለሁ።»

አሰበችና፣ «አይ፣ ተዪው። እኔ ነኝ የምነግራት» አለች።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

አልሄድኩም። ፈረቃ ተቀየረብኝ። ከራዲዮ ጋር ነው የተቀያየርነው። እኔ ነኝ ለምኛት የተቀየርኩት።

ታኅሣሥ 10፣ ረቡዕ

መጣች።

ሳይነግሩን። የአለቃን ፀጉር እየሠራሁ ነበር፤ ግማሹ ተጎንጉኖ ግማሹ እንደተበተነ። አንዲት ቀጭን ሴት ፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆመች። እኔ መጀመሪያ ምን ፈልገሽ ነው ልላት ነበር። አለቃ ናት ያወቀቻት። «እናቴ!» ብላ ከጉልበቴ ላይ ስትነሳ ማበጠሪያው ከነፀጉሯ ሄደ። ተቃቅፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አለቃ ያን ሁሉ አለቅነቷን ረስታ እንደ ጥጃ ታሸታት ነበር።

ድንቡሼ ኳሱን በብብቱ ይዞ ራቅ ብሎ ይመለከታል። እህቴ ዓይኗን ጠረገች። ተንበረከከች። እንዲያይላት ከንፈሯን በጣቷ እያመለከተች፣ ቀስ ብላ፣ ፈገግ ብላ፣

«እኔ… እ… ማ… ማ… ነኝ» አለችው። «እ… ማ… ማ።»

ድንቡሼ ብዙ ካያት በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«ለምንድን ነው እንደዚህ የምታወራው? አፏን አሟታል?»

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

«የሩቋ እማ ነሽ?» አላት። አፉ ከተከፈተ ደግሞ አይዘጋም፤ እኔን ነው የወጣው። «እኔ ኳስ አለኝ። ያኔ ወዳንቺ ስንመጣ ነው እማ የገዛችልኝ። ሰልፉ ረጅም ነው ብላ ተመለስን። ሰልፉ ግን አልቆ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ ጉንጬን ይዛኝ ግቡ ብላን ነበር።»

እህቴ ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ፤ ልጅ ሆና ስትስቅ እንደነበረው። «ይናገራል! እትዬ፣ ይናገራል እኮ!» እያለች አቀፈችው። እሱ እንደ እንጨት ቆሞ ታገሣት። ከዚያ ሳቁ ተቀየረ። በትከሻው ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

ያንን አስተያየት አልጽፈውም።

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

አለቃ ሁሉንም ዘረገፈችላት። «ድንቡሼ የተራመደው እኮ አንቺ የሄድሽ ሳምንት ነው! እኔ አይቻለሁ፤ ከሳፋው እስከ በሩ! መጀመሪያ ያለው ቃል ደግሞ ‹ጎማ› ነው፤ ጋሼ በሳቅ ከወንበር ወደቀ።» የጎደለ ጥርሷንም ከፍታ አሳየቻት።

እህቴ አንድ አንዱን ነገር ሰምታ ወደ እኔ ትዞራለች። «እውነት ነው እትዬ?»

እውነት ነው።

«እሺ፣ አሁን አንቺ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው። ማንኪያ የያዘው መቼ ነው? ሽንት ሲመጣ የተናገረው መቼ ነው? ‹እማ› ያለው?»

ይኸው ወሬኛዋ እኔ አፌ ተያዘ። ማንኪያውን በክረምት ነው የያዘው? ወይስ በክረምት ነው ያወራሁላት? አንዱን በዓይኔ አይቼው ሌላውን በአፌ አይቼው ተቀላቀለብኝ። ስመጣና ስሄድ፣ ሳስቀምጥና ሳወጣ፣ መቼ እንደሆነ የማውቀው መራመዱን ብቻ ሆነ። እሱንም አለቃ ቀድማኝ ነግራታለች።

«አታውቂም?» አለችኝ።

«አውቃለሁ፣ ቆይ…»

«አንቺም አልነበርሽም ማለት ነው እኮ።»

ልጆቹ ሲተኙ ግቢ ወጥተን ተቀመጥን። ቆጣ ብትል፣ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። እንደዚያ አትችልበትም።

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው የኔ ሆድ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ለክፋት ቢሆን ይቅር እልሽ ነበር፤ ይሄን ግን ምን እንደምለው አላውቅም።» ጉልበቷን አቀፈች። «እዚያ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ በሽተኛ ልጅ አሳድጌያለሁ። ሌሊት ሲወድቅብኝ አነሳዋለሁ። ልጆች ሲስቁበት እጣላለሁ። ሳረጅ ማን ያይልኛል ብዬ አለቅሳለሁ። እትዬ፣ ያ ልጅ የታለ አሁን? እኔ እኮ ለእሱ ነው የተዘጋጀሁት። እሱ ያስፈልገኝ ነበር፤ እኔም ለእሱ። ይሄኛው ምን ያደርግልኛል? ሁሉን ነገር ያውቃል።»

«እግዜር ይመስገን በይ እንጂ!» አልኳት።

«እልሻለሁ» አለች። «አሁን አልችልም እንጂ እልሻለሁ።»

ታኅሣሥ 14፣ እሑድ

በሁለቱ ልጆች መሃል ወለል ላይ ትተኛለች። ሌሊት ድንቡሼ ተነስቶ፣ በእሷ ላይ ተሻግሮ መጣና ጣቱን ጆሮዬ ውስጥ ከተተ። ነቅታ ነበር። ዓይኗ ሲያበራ አይቻለሁ። ልመልሰው ይገባኝ ነበር። ከባድ ነው፣ እንቅልፍ ወስዶታል፣ ይበርደዋል።

ጣቱ ጆሮዬ ውስጥ እንዳለ ነጋ።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

ልብስ ስፌት ቤት ሥራ አገኘች፤ ማረሚያ ቤት የተማረችው ስፌት ጠቀማት። ከከተማው ወዲያ ጫፍ አንድ ክፍል ተከራይታለች። ደስ ብሎኛል።

እግሩን ማሸት ግን አልተወችም። ኳስ ሲጫወት ውሎ ደክሞት ሲገባ ዘይት አሙቃ ታሽለታለች፤ የተማረችውን፣ ያንኑ። እሱም ወደደው። «እንደሱ አድርጊልኝ» ይላታል፣ እግሩን እንደ ንጉሥ ዘርግቶ። ባለቤቴ አይቶ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ ላስቲክ ሳቃጥል ጭስ ገብቶብኝ ነው አለ። በዚያ ሰዓት ምን ላስቲክ!

ሥራ ቦታ ራዲዮ አንሶላ ይዘን መሃል ላይ ስንገናኝ፣ «ሊሄዱብሽ ነው አሉ?» አለችኝ። ተለያየን። አራገፍን። ስንገናኝ፣ «ሊሄዱ ነው፤ ሊሄዱብኝ አይደለም» አልኳት። ቀናችብኝ? አዘነችልኝ? ጋሪው እስኪያልቅ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ይህ በታሪኳ የመጀመሪያው ነው።

ታኅሣሥ 27፣ ቅዳሜ

ሄዱ።

ባለቤቴ ከደንበኛው ፒካፕ ለምኖ አጓጓዛቸው። አለቃ ድስቶቹን አንድ በአንድ ተሰናበተች፤ ክዳን የሌለውን «ካደግክ ይሰጡሃል» ብላው ሄደች። ድንቡሼ ሹፌሩ አጠገብ መቀመጥ አገኘና ወደኋላም አላየ። ይህ ደስ ሊለኝ ይገባል። ያላለቀሰ ልጅ በደንብ ያደገ ልጅ ነው ይባላል።

እህቴ በመጨረሻ ተመልሳ ገባች። የረሳችው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ፣ እሑድ እሑድ ነይ» አለችኝ። «በሬ ክፍት ነው። መጥተሽ እይ። ግን በስልክ እንዴት ናቸው፣ ምን አሉ፣ ምን ሆኑ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። አላወራልሽም።»

«እየተቀጣሁ ነው?»

«አይደለም። እኔም ካንቺ የባሰ አፍ አለኝ፤ ራሴን ስለማላምነው ነው።»

ተሳሳምን። ፊቷ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጠዋት ስለሆነ ይሆናል።

ጥር 5፣ እሑድ

አልሄድኩም። አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ይቀያየራል። ቤቱን አጸዳሁ። ከአልጋው ሥር አንድ የእግር ሹራብ አገኘሁ፤ አጠብኩት፣ አሰጣሁት፣ ደረቀ፣ እንደገና አጠብኩት።

ባለቤቴ ሲበላ፣ «ቤቱ ጸጥ ሲል ጆሮ ያማል ለካ» አለ። ከጋብቻችን ጀምሮ የተናገረው ረጅሙ የስሜት ንግግር ይህ ነው።

ጥር 12፣ እሑድ

አልሄድኩም። ደወልኩላት። «እንዴት ናችሁ?» አልኳት። «ደህና ነን» አለች። ከኋላዋ ድንቡሼ የሆነ ነገር እየጮኸ ሲናገር ይሰማኛል፤ ሰውም ይስቃል። ምን አለ? ምን ብሎ ነው? ጥርሴን ነከስኩና አልጠየቅኩም። «ሰላም በያቸው» ብዬ ዘጋሁ።

ከዚያ ሳስበው ዋልኩ። ወደ ሌላ ቤት የሚሄድ ሳቅ ሰማሁ። እሷ ይህንን ሦስት ዓመት ሙሉ ቻለችው፣ ሳቁን እንኳ ሳትሰማ።

ጥር 19፣ እሑድ

ዛሬ ሄድኩ። ባለቤቴ ካሳደራቸው ጎማዎች አንዱንም ሳይነካ ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ እንጂ አልመጣም። «መጀመሪያ አንቺ» አለኝ።

መንገዱን ሁሉ ምን እንደምናገር ስደረድር ሄድኩ። የረገጥኩት ደረጃ አልታወቀኝም። ረጅም መተላለፊያ ነው፤ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም ተቀብተዋል። ከአንዱ ውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። አንኳኳሁ። የስፌት መኪናው አላቆመም። ከውስጥ አንድ ነገር ተጎተተ፤ ወንበር መሰለኝ። ከዚያ መቀርቀሪያው ከላይ በኩል ቅጭል አለና በሩ ተከፈተ።

ድንቡሼ ነው። ብቻውን። ወንበሩ ላይ አልወጣም፤ ወንበሩን ከመንገዴ ዘወር አድርጎልኝ ነው። በእግሩ ጣት ቆሞ ነው የከፈተው። ሸሚዝ ለብሷል፤ አንገቱ ወጥቷል፤ ፀጉሩ በሌላ አኳኋን ተቆርጧል። ማን ቆረጠው?

«ማን ነው?» አለች እናቱ ከውስጥ።

«አክስቴ ናት» አለ፣ በሩን በትከሻው ደግፎ ይዞልኝ።

ያ ሁሉ የደረደርኩት ንግግር ጠፋኝ። የመጣልኝ ይህ ብቻ ነው።

«መቀርቀሪያው ላይ መድረስ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

ጠያቂዋ ምንም የማታውቅ ሰው እንደሆነች ሁሉ አየኝ።

«ኧረ ዱሮ!» አለኝና እየሮጠ ገባ።